ሳይሮጡ የሚሮጥ አለ?

ሰሞኑን የደረሱኝ ጥያቄዎች አንድ ነገር ላይ ይሽከረከራሉ፤ ሯጭ ከሩጫ ሌላ ልምምድ ምን ያደርግለታል? በአሰልጣኞች አነጋገር ክሮስ ትሬኒንግ መሆኑ ነው።

ከደብረ ብርሃን፦ “19 ዓመቴ ነው። በሳምንት ስድስት ቀን እሮጣለሁ። ቅልጥሜን ካመመኝ ወር ሆነኝ። አሰልጣኜ ሁለቱን ቀን ብስክሌት ንጂ አለኝ። አቋሜ አይወርድም?”

አሰልጣኝሽን ስሚ። ስትሮጪ እግርሽ መሬት በነካ ቁጥር ከክብደትሽ ሁለትና ሦስት እጥፍ ይሸከማል። ልብና ሳንባ ልምምድን ቶሎ ይለምዳሉ፤ አጥንት ግን ቀርፋፋ ነው፣ ጊዜ ይፈልጋል። ብስክሌት ላይ ልብሽ ይሠራል፣ ቅልጥምሽ ያርፋል። 45 ደቂቃ ያህል፣ ወሬ ማውራት በምትችዪበት ፍጥነት ንጂ። ከዚያ በፊት ግን አንድ ነገር አድርጊ። ቅልጥምሽን በጣትሽ ከላይ እስከ ታች ተጫኚው። ሕመሙ ሰፋ ብሎ ከተሰማሽ አብዛኛውን ጊዜ የጫና ነው። አንዲት ነጥብ ላይ “እህ!” ካሰኘሽ ወይም ሌሊት ካመመሽ ግን አጥንቱ ተሰንጥቆ ሊሆን ይችላል። ያኔ ብስክሌቱም ይቅርና ሐኪም ዘንድ ሂጂ። “ቻዪው፣ ያልፋል” የሚሉሽን ጓደኞች አትስሚ።

ከአንድ ተማሪ፦ “ኅዳር ላይ ቤተሰብ ለማገዝ መሐል ሜዳ ሄጄ ገብስ አጭዳለሁ። ይሄ ከልምምድ ይቆጠራል?”

እንዴት አይቆጠርም! ጎንበስ ብሎ ማጨድ ወገብንና የጭን ጀርባን ያሠራል፤ ነዶ መሸከሙም አለ። ግን እንደ ከባድ ቀን ቁጠረው እንጂ እንደ ዕረፍት አትየው። እኔ አንዴ ቀኑን ሙሉ አጭጄ ማታ “ትንሽ ልሩጥ” ብዬ ነበር። በማግስቱ ካልሲ ለማጥለቅ መጎንበስ አቃተኝ። ማጭድ የማይደርስበት ባትህ ነው። ደረጃ ጠርዝ ላይ በአንድ እግርህ ቁመህ ተረከዝህን ቀስ እያልክ አንሳና አውርድ፤ በየእግርህ 12 ጊዜ፣ ሦስት ዙር፣ በሳምንት ሁለት ቀን ይበቃሃል።

ከጫጫ፦ “ጌጤ ዋሚ የኛ አገር ልጅ ናት። በብስክሌት ነው እንዴ ያሸነፈችው?”

አሳቅኸኝ። በ1999 እ.ኤ.አ. በ10 ሺህ ሜትር የዓለም ሻምፒዮን የሆነችው፣ በ2006 እና በ2007 በርሊን ማራቶንን ያሸነፈችው በሩጫ ነው። ብስክሌትም ሆነ ዋና ሩጫን አይተካም። ጥቅሙ ሌላ ነው፦ ተጎድተህ ሁለት ወር አልጋ ላይ ከመዋል ያድንሃል።

ከሸዋ ሮቢት፦ “51 ዓመቴ ነው። ጉልበቴን ስለሚያመኝ ዋና ሞክር ተባልኩ። መዋኛ ከየት ላምጣ?”

እርስዎ ዳገት በእግር ይውጡ፤ ፈጠን ብለው፣ ሳይሮጡ። ጉልበት የሚጎዳው ይበልጥ ቁልቁለቱ ላይ ነውና ሲመለሱ ቀስ ይበሉ፤ ዱላም ይያዙ። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ላይ ይውጡ። የሮቢት ፀሐይ ከወጣች በኋላማ እርስዎ ከእኔ ይበልጥ ያውቋታል።