ደንቡ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ለቀረበት ወንድማችን

የድርጅታችንን የሥነ ምግባር ደንብ አሳትመን ሰቀልን፣ ግን ምንም አልተለወጠም፣ ምን እናድርግ ብለሃል። አይገርምም። የአሜሪካው የኃይል ኩባንያ ኤንሮንም 64 ገጽ የሥነ ምግባር ደንብ ነበረው፤ በ2001 እ.ኤ.አ. በሂሳብ ማጭበርበር ተንኮታኮተ። እኔ ብሆን ከግዢ ክፍል እጀምራለሁ። ከሦስት ሻጮች የተባለ ሦስት ፕሮፎርማ (የዋጋ ማቅረቢያ) መጥቶ ሦስቱም በአንድ ሰው እጅ ጽሑፍ ተሞልተው፣ ማህተማቸው ብቻ ተለያይቶ፣ አለቃው አይቶ እንዳላየ ከፈረመ፣ ሠራተኛው እውነተኛውን ደንብ ያን ቀን ተማረ ማለት ነው። ስለዚህ አለቃው ፕሮፎርማውን ይመልሰው፣ ለምን እንደመለሰውም በግልጽ ይናገር። ማጭበርበሩን የጠቆመውን ልጅ ደግሞ ወደ ሌላ ቅርንጫፍ እንዳታዛውሩት፣ ያኔ ሁሉም አፉን ይዘጋል። ማኅበራዊ ኃላፊነታችንን በችግኝ ተከላ እንወጣለን ላልከው፣ ተከላው ጥሩ ነው (ቲሸርቱም ያምራል)፤ ግን መጀመሪያ በኤጀንሲ የቀጠራችኋቸው የጽዳትና የጥበቃ ሠራተኞች ከምትከፍሉት ላይ ስንቱ እጃቸው እንደሚገባ ጠይቁ።