ካሜራ ያለው ላሪንጎስኮፕ በምን ይሻላል?

ጥያቄ፦ እናቴ ቀዶ ሕክምና ይደረግላቸዋል፤ የሰመመን ባለሙያው የመተንፈሻ ቱቦውን በካሜራ በሚታገዝ ላሪንጎስኮፕ (በአፍ ገብቶ ማንቁርትን በሚያሳይ መሣሪያ) እንደሚያስገቡላቸው ነግረውናል። ከተለመደው በምን ይሻላል?

መልስ፦ በተለመደው ላሪንጎስኮፕ ባለሙያው ምላስን በመሣሪያው ብረት አንሥቶ የድምፅ አውታሮቹን በዓይኑ በቀጥታ ማየት ስላለበት፣ ከአፍ እስከ ማንቁርት ያለው መንገድ በተቻለ መጠን መቅናት አለበት፤ አንገታቸው እንደልብ የማይንቀሳቀስ ወይም አፋቸው በሰፊው የማይከፈት ሕሙማን ላይ የሚያስቸግረውም ይኸው ነው። ካሜራው ግን ከብረቱ ጫፍ አጠገብ ስለሚገኝ ዓይን የማይደርስበትን በስክሪን ያሳያል። እ.ኤ.አ. በ2023 ይፋ በሆነ፣ በአሜሪካ ድንገተኛና ጽኑ ሕሙማን ክፍሎች በተካሄደ ጥናት፣ በመጀመሪያው ሙከራ ቱቦው የገባላቸው በካሜራ 85.1፣ በቀጥተኛው 70.8 በመቶ ነበሩ (የእናትዎ ቀዶ ሕክምና የታቀደ ከሆነ ሁኔታው ከእነዚህ ሕሙማን የተረጋጋ ነው)።

ይሁንና አውታሮቹን ማየትና ቱቦውን ማሳለፍ ለየቅል ናቸው። ብረቱ በጣም የታጠፈ ሆኖ ቱቦውን ቅርጽ የሚያስይዘው ሽቦ በዚያው ልክ ካልታጠፈ፣ ምስሉ ጥርት ብሎ እየታየ ቱቦው አልገባ ሊል ይችላል፤ ደምና ትውከትም ካሜራውን ይጋርዳሉ። እኔ ካሜራውን ብመርጥም የባለሙያውን ልምድ አይተካም እላለሁ። በየትኛውም ይግባ፣ ቱቦው በአየር ቧንቧ ውስጥ መሆኑ በዋናነት የሚረጋገጠው ከሳንባ የሚወጣውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ በመለካት ነው።