ስለ ወረቀት ፋብሪካና ስለ ካርቦን ወጪ ጠይቁኝ

ስዊድን ውስጥ የፐልፕ (ወረቀት የሚሠራበት የእንጨት ጭረት) ፋብሪካ ቦይለር ክፍል፣ ማለትም እንፋሎት የሚፈላበት ቦታ ነው የምሠራው። ፋብሪካዎች ጭሳቸውን ሲቀንሱ ወጪው እንዴት እንደሚታሰብ ለጠየቃችሁኝ፣ ይኸው።

ጥያቄ፦ ወረቀት ይህን ያህል ነዳጅ የሚበላው ለምንድነው?

መልስ፦ በውሃው ምክንያት ነው። ወረቀቱ ተጨምቆ ተጨምቆ ወደ ማድረቂያው ሲገባ እንኳ ገና ግማሽ ያህሉ ውሃ ነው። ከዚያ በእንፋሎት የጋሉ ትልልቅ ሲሊንደሮች ላይ እያለፈ ይደርቃል፤ አጠገባቸው ትንሽ ከቆምክ ላብህ ጠብ ይላል። ቀድሞ በመጭመቅ 1 ፐርሰንት ድርቀት ከጨመርክ፣ ከእንፋሎቱ ወደ 4 ፐርሰንት ታተርፋለህ። እኔ ብጠየቅ ገንዘቡን መጀመሪያ መጭመቂያው ላይ ነው የማውለው።

ጥያቄ፦ እንጨት ስለሚያቃጥሉ የካርቦን ግብር አይከፍሉም የሚባለው እውነት ነው?

መልስ፦ በእንጨቱ አይከፍሉም። እንጨቱ ሲቀቀል ግማሽ ያህሉ ለወረቀት ይሆናል፣ ሌላው ከኬሚካሉ ጋር ጥቁር ፈሳሽ ሆኖ ይወጣል። እሱን አቃጥለን እንፋሎትና መብራት እናገኛለን፣ ኬሚካሉም ይመለስልናል። ስዊድን ከ1991 ጀምሮ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምቆጥረው) ግብር የጣለችው በዘይትና በከሰል ላይ ስለሆነ ቅርፊት ማቃጠል አዋጣ። እንጨት ንጹሕ ተብሎ የሚታሰበው ዛፉ ሲያድግ ጭሱን መልሶ ይወስዳል ተብሎ ነው፤ ደኑ ተመልሶ ካላደገ ግን ሒሳቡ ውሸት ነው።

ጥያቄ፦ የአሜሪካው የጥቁር ፈሳሽ ድጎማ ምንድነው?

መልስ፦ ይሄ ነገር እስካሁን ያበግነኛል። ሕጉ አማራጭ ነዳጅን ከተለመደው ነዳጅ ጋር ለሚቀላቅል በጋሎን 50 ሳንቲም ይሰጥ ነበር፤ ታስቦ የነበረው ለመኪና ነው። የወረቀት ፋብሪካዎቹ ግን ለአሥርት ዓመታት በነፃ ሲያቃጥሉት የኖሩትን ጥቁር ፈሳሽ ይዘው መጡና፣ «ቅልቅል» እንዲባልላቸው ናፍጣ ጠብ አደረጉበት። በ2009 ብቻ በቢሊዮን የሚቆጠር ዶላር ወሰዱ፣ በዓመቱ መጨረሻ ተዘጋ። የተለመደውን ነዳጅ ለመተካት በወጣ ገንዘብ ናፍጣ ተጨመረ ማለት ነው! መከፈል ያለበት ለቀነሰው የካርቦን ቶን ነው እንጂ ለነዳጁ ስም አይደለም።

ጥያቄ፦ ያገለገለ ወረቀት መጠቀም አይሻልም?

መልስ፦ ዛፍና ኃይል ይቆጥባል። ግን እዚያ ፋብሪካ ቅርፊትም ጥቁር ፈሳሽም የለም፤ ብዙ ጊዜ እንፋሎቱ የሚመጣው ከሚገዛ ጋዝ ነው። 2022 ላይ አውሮፓ ውስጥ ጋዝ ሲወደድ ሥራ ያቆሙ ነበሩ።

ጥያቄ፦ ታዲያ ሁሉም ከዘይትና ከጋዝ ወደ ቅርፊት ለምን ቶሎ አይቀይርም?

መልስ፦ ቦይለር 30 እና 40 ዓመት ይሠራል፣ ትናንት የገዛ ዛሬ አይጥለውም። ፊንላንድ አኔኮስኪ ላይ በ2017 የተከፈተው ፋብሪካ ኬሚካሉን ለማደስ ኖራ የሚያቃጥልበትን ምድጃ ሳይቀር ከቅርፊት በሚወጣ ጋዝ ነው የሚያስኬደው፤ ግን 1.2 ቢሊዮን ዩሮ ፈጅቷል። በዚያው ዓመት የአውሮፓ የልቀት ፈቃድ (ፋብሪካ ለሚያወጣው ካርቦን ማቅረብ ያለበት) በቶን ከ10 ዩሮ በታች ነበር፣ በ2023 መጀመሪያ 100 ነካ። ዋጋው እንዲህ ሲዋዥቅ ማን ደፍሮ ያበድራል?

ጥያቄ፦ ወንድሜ፣ ለእኛ አገር የሚሆን ነገር አለው?

መልስ፦ አለው እንጂ። ወንጂን አስቡት፣ ስኳር ፋብሪካ የሚነደው በራሱ ባጋስ፣ ማለትም አገዳው ተጨምቆ በሚቀረው ገለባ ነው። ባጋስም ከወፍጮ ሲወጣ ግማሽ ያህሉ ውሃ ነው። በጭስ ማውጫው ሙቀት ቀድሞ ቢደርቅ ያው አገዳ ብዙ እንፋሎት ይሰጣል።