ቺፑን ሳትነቅል የኮሞዶር 64ን ሮም በሶፍትዌር መተካት

ወንድሜ ጥያቄህን አየሁት። ኮሞዶር 64 የተባለውን የድሮ የቤት ኮምፒውተር ከአሮጌ ዕቃ ገበያ ገዝተሃል፣ የተሻሻለ ከርናልም (ኪቦርዱን፣ ስክሪኑንና ዲስኩን የሚያስተዳድረው የማሽኑ መሠረታዊ ፕሮግራም) በፋይል አግኝተሃል። ሰዎች ግን «ከርናሉ ያለበትን ቺፕ ነቅለህ በኢፕሮም (ይዘቱ በመሣሪያ በሚጻፍበት ቺፕ) ካልተካኸው አይሆንም» ብለውሃል። አንተ ደግሞ ለጊዜው በሶፍትዌር ብቻ መሞከር ይቻል እንደሆነ ጠይቀሃል።

ይቻላል። ማሽኑን መክፈት አያስፈልግህም። እኔ እንዲያውም በዚህ ሳይሞክር ብየዳ ብረት የሚያነሳ ሰው ሳይ ያመኛል። በብዙ ቦርዶች ላይ ቺፑ የተበየደ ነው፣ ሶኬት የለውም። ሲነቀል የቦርዱ መስመር አብሮ ሊላጥ ይችላል። በዚያ ላይ የድሮው የከርናል ቺፕ 24 እግር ነው፣ በቀላሉ የሚገኘው ኢፕሮም ግን 28 እግር ስለሆነ አዳፕተር ይፈልጋል። ይህ ሁሉ ድካም የማትወደው ከርናል ላይ እንዳይውል መጀመሪያ ራም (ማሽኑ ሲጠፋ የሚሰረዘው፣ የሚጻፍበት ማህደር) ውስጥ ሞክረው።

ነገሩ የሚሆንበት ምክንያት እንዲህ ነው። ፕሮሰሰሩ፣ 6510፣ የሚያውቀው 65536 አድራሻ ብቻ ነው። 64 ኪሎባይት ራሙ ይህን ሁሉ ይሞላዋል። ግን ማሽኑ 20 ኪሎባይት ሮምም (የሚነበብ እንጂ የማይጻፍበት ማህደር) አለው፤ 8 ለቤዚክ (ትዕዛዝ ለምትሰጥበት ቋንቋ)፣ 8 ለከርናል፣ 4 ለፊደላት ቅርጽ። ስለዚህ ሮሙ እንደ ምንጣፍ ራሙ ላይ ተነጥፏል። ከስሩ ያለው ራም የትም አልሄደም።

በጣም የምወደው ደግሞ ይሄ ነው። ከቤዚክ ወይም ከከርናል አድራሻ ላይ ስታነብ የምታገኘው ሮሙን ነው። እዚያው አድራሻ ላይ ስትጽፍ ግን ጽሑፉ ምንጣፉን አልፎ ራሙ ላይ ያርፋል። ስለዚህ አንድን አድራሻ አንብቦ መልሶ እዚያው መጻፍ ትርጉም የለሽ ይመስላል እንጂ ሮሙን ወደ ራም መገልበጥ ማለት ነው።

ፎር አይ=40960 ቱ 49151 ፡ ፖክ አይ,ፒክ(አይ) ፡ ኔክስት

ፒክ ከአድራሻ ማንበብ፣ ፖክ አድራሻ ላይ መጻፍ ነው፤ ይህ መስመር ቤዚክን ይገለብጣል። ለከርናል ቁጥሮቹን 57344 እና 65535 አድርጋቸው። (እዚህ በእኛ ፊደል ጻፍኩት እንጂ ማሽኑ ላይ የተለመዱትን የቤዚክ ትዕዛዞች በላቲን ነው የምትመታው።) ሁለቱንም ለመገልበጥ አንድ ሁለት ደቂቃ ይፈጃል። ስክሪኑ ዝም ይላል፣ አትደንግጥ።

ምንጣፉን የሚያነሳው አድራሻ 1 ነው። በተለመደው ጊዜ ውስጡ ያለው ቁጥር 55 ነው። ፖክ 1,54 ካልክ የቤዚክ ሮም ብቻ ይነሳል። ፖክ 1,53 ካልክ ቤዚክም ከርናልም አብረው ይነሳሉ።

«አብረው» የምትለዋን ልብ በል። እኔን ያቃጠለችኝ እሷ ናት። መጀመሪያ ስሞክር የምፈልገው ከርናልን ብቻ ነበር፣ ስለዚህ ከርናልን ብቻ ገለበጥኩ። ፖክ 1,53 ብዬ ሪተርን መታሁ። ኩርሰሩ አልተመለሰም፣ ኪቦርዱም አልሰማ አለ። ማሽኑን አጥፍቼ ሁሉንም እንደገና መታሁ፣ ያው ሆነ። ማሽኑ ተበላሽቷል ብዬ ያን ምሽት ተስፋ ቆርጬ ተኛሁ። ችግሩ ሌላ አልነበረም። የቤዚክ ሮም አብሮ ተነስቷል፣ ከስሩ ባለው ራም ውስጥ ደግሞ ምንም አልገለበጥኩም። ፖክን የሚያስፈጽመው ቤዚክ ተመልሶ የሚገባበት ቤት አጣ። ከርናልን ራም ላይ አድርጎ ቤዚክን ሮም ላይ የማስቀረት መንገድ የለም። ከርናልን ከፈለግክ ቤዚክንም ገልብጥ።

ፋይልህን ከመጫንህ በፊት በትንሽ ነገር እጅህን አፍታታ። ቤዚክን ብቻ ገልብጠህ ፖክ 1,54 በል። ከዚያ ከ41848 ጀምሮ ባሉት አምስት አድራሻዎች ላይ በተራ 83፣ 69፣ 76፣ 65፣ 77 ጻፍ። ማሽኑ ትዕዛዝ ሲጨርስ ሁልጊዜ የሚያሳየው «ሬዲ» የሚለው ቃል እዚያ ነው የተቀመጠው። በላቲን አምስት ፊደል ነው። «ሰላም»ም በላቲን ሲጻፍ አምስት ፊደል ነው፣ ልክክ ይላል። ቁጥሮቹን አንድ በአንድ ስትጽፍ ቃሉ በየመስመሩ ፊደል በፊደል ይለወጣል፤ አምስተኛው ላይ ስትደርስ ማሽኑ ሰላም ይልሃል። በ1982 የወጣ ኮምፒውተር በራስህ ቃል ሲመልስልህ የሚሰማህን ሞክረህ ታየዋለህ።

ከርናል ላይ ደግሞ ቀለሞቹን ቀይር። ሁለቱንም ገልብጠህ ፖክ 1,53 ካልክ በኋላ 60633 የስክሪኑ ዳር ቀለም ነው፣ 60634 የመሃሉ፣ 58677 የጽሑፉ። ጽፈህ ስትጨርስ ግን ምንም አይለወጥም፤ ከርናሉ እነዚህን የሚያነባቸው ስክሪኑን እንደ አዲስ ሲያዘጋጅ ብቻ ነው። ያንን ለማድረግ ራን ስቶፕና ሪስቶር የተባሉትን ቁልፎች አንድ ላይ ትመታለህ።

አትምታ፣ ቆይ! ሪስቶር ሲመታ ከርናሉ ራሱ አድራሻ 1 ላይ 231 ይጽፋል፣ ይህ ቁጥር ደግሞ ሮሞቹን በሙሉ መልሶ ያነጥፋል። ሥራህ ከስሩ ሳይነካ ይቀመጣል፣ ግን አይታይም። መድኃኒቱ አስቀድሞ ፖክ 64982,229 ማለት ነው። 231 የተጻፈው እዚያ አድራሻ ላይ ነው፣ ወደ 229 ስትቀይረው ሪስቶር ስትመታም ራሙ ላይ ትቆያለህ። ይህችን አንዲት ፖክ ባለማወቅ ብዙ ሰው «አልሠራልኝም» ብሎ ትቶታል።

ይህን ካደረግክ በኋላ በሲስ 64738 ሪሴት አታድርግ። ማሽኑ ሲነሳ ራሙን እየጻፈና እያነበበ ይቆጥራል፤ የማይለወጥ ቦታ ሲያገኝ ያቆማል። አሁን ቤዚክ ራም ስለሆነ አልፎት ይቆጥራል። ከተለመደው 38911 የበለጠ ነጻ ባይት ያሳይሃል። አትደሰት፣ ቤዚክ የተቀመጠበትን ቦታ ባዶ ነው ብሎ አስቦ ነው።

አሁን ወደ ፋይልህ። ፋይሉን በቤዚክ ማንበብ አያስፈልግም። በሎድ (በመጫኛው ትዕዛዝ) መጨረሻ ላይ ,8,1 ጨምረህ ከጫንከው ፋይሉ ራሱ በያዘው አድራሻ ላይ ይቀመጣል፣ 57344 ከሆነ ቀጥታ ከከርናሉ ስር ይገባል። ከጫንክ በኋላ ኒው በል። ካላልክ ቤዚክ የፕሮግራምህ መጨረሻ የት እንደሆነ ይጠፋበትና ሜሞሪ አለቀ እያለ ያስቸግርሃል። ቀጥሎ ቤዚክን ብቻ ገልብጥ። ከርናሉን አትገልብጥ፣ የጫንከውን አዲሱን በአሮጌው ትደመስሰዋለህ። ከዚያ ፖክ 1,53።

ከዋናው ከርናል ላይ ጥቂት ነገር ብቻ የተለወጠበት ከሆነ ወዲያው ይሠራል። ውስጡ ሙሉ በሙሉ የተገለባበጠ ከሆነ ግን ሊቆም ይችላል፣ ምክንያቱም ከ788 ጀምሮ ባለው የራም ሰንጠረዥ ላይ የአሮጌው ከርናል አድራሻዎች ገና አሉ። እንደዚያ ከሆነ ጥፋቱ ያንተ አይደለም።

ምንም ቢበላሽ አጥፍተህ አብራው። ሮሙ አልተነካም፣ ማሽኑ እንደነበረ ይነሳል። ሌላ ሁሉ ከመሞከርህ በፊት ግን አንድ ነገር እለምንሃለሁ። ከማሽኑ ጋር የመጣው አሮጌ ፓወር ሰፕላይ ከሆነ በቮልት መለኪያ ለካው። የ5 ቮልቱ መስመር ሲያረጅ ከፍ ይልና ራም ቺፖቹን ያቃጥላል። እኔ አንድ ደህና ማሽን በዚህ አጥቻለሁ።

በነገራችን ላይ ባለፈው የአማርኛ ፊደልን ማሽኑ ላይ ስለማሳየት የጠየቅከው ሌላ ሮም ነው፣ መንገዱም ይለያል። ግን ተስፋ አለው። 33 በ7 ሲባዛ 231 ነው፣ ማሽኑ ደግሞ 256 ቅርጽ ይይዛል። «ጭ»ን በ8 በ8 ነጥብ መሳል ግን ይፈትንሃል፣ ራሴን ሳምንት ፈጅቶብኛል።

አሁን ኮምፒውተርህ ላይ የፋይሉን መጠን እይልኝ። 8194 ባይት ከሆነ መጀመሪያው ላይ የጭነት አድራሻ አለው ማለት ነው፣ ከላይ እንዳልኩት ጫነው። 8192 ከሆነ አድራሻ የለውም፣ ማሽኑ የከርናሉን የመጀመሪያ ሁለት ባይት እንደ አድራሻ ያነባል። እነሱ ከዋናው ጋር አንድ ከሆኑ ፋይሉ 22149 ላይ ሄዶ ይቀመጣል። ያኔ ሁለት ባይት ከፊቱ እንጨምርበታለን፣ 0 እና 224። የዲስኩን ዝርዝር አይተህ አትወስን፣ እዚያ ሁለቱም 33 ብሎክ ነው የሚሉት።