ክፍት ቦታውን ከማጠራችሁ በፊት፤ እኛ የከፈልነውን እንዳትከፍሉ

ጠያቂያችን ትናንት ማታ ያቀረቡትን ጥያቄ አነበብሁት። ከቤታችሁ ፊት ለፊት፣ ልጆች ለዓመታት ሲጫወቱበት በኖሩት ክፍት ቦታ ላይ ባለፈው ሳምንት ቀያሾች መጥተው ችካል ተክለዋል፤ ወረዳ ሄዳችሁ ስትጠይቁ «ፕላኑ ተቀይሯል» ከማለት በቀር የሚያስረዳችሁ አላገኛችሁም፤ ከጎረቤቶቻችሁ ግማሾቹ «ፊርማ እናሰባስብ»፣ ግማሾቹ ደግሞ «አዋጥተን ቶሎ እንጠረው» ይላሉ፤ የትኛው ይሻላል ነው ጥያቄዎ። እኔ የምኖረው በከተማዋ ምሥራቃዊ ዳር፣ ከአያት አለፍ ብለው በተሠሩት የማኅበር ቤቶች ነው። ይህንኑ ጉዳይ ከ2011 እስከ 2013 ዓ.ም. በኮሚቴ ጸሐፊነት ይዤው ስለዞርሁ፣ እርስዎም እንደ እኔ ሁለት ጥንድ ጫማ እንዳይጨርሱ ዘርዘር አድርጌ እመልሳለሁ። የጽሕፈት ቤቶቹን ስም አልጠራም፤ ሠራተኞቹም ብዙዎቹ ተቀያይረዋል፣ እኔም ከአንድ ቡድን መሪ በቀር በማንም ላይ ቅሬታ የለኝም።

1ኛ. አጥር የሚባለውን ሐሳብ ዛሬውኑ ይተዉት። ይህን አንደኛ ያደረግሁት 111,000 ብር ስላስከፈለን ነው። እኛም ጋ ቀያሾች መጥተው በሄዱ በሳምንቱ፣ በእድር ስብሰባ ላይ አንድ ሰው ተነሥቶ «ቦታው ታጥሮና ዛፍ ተተክሎበት ካዩት ይተውታል» አለ። የተቃወመ አልነበረም። እኔም ቃለ ጉባኤውን በገዛ እጄ ጻፍሁ፤ 74 ቤቶች በየቤቱ 1,500 ብር አዋጣን፤ አጣናና ቆርቆሮ ተገዛ፣ በር ተሠራ፣ ጥበቃ ተቀጠረ። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም.፣ በአንድ ጀምበር 200 ሚሊዮን ችግኝ ለመትከል አገሩ ሁሉ በወጣበት ቀን፣ እኛም ከአጥራችን ውስጥ ጽድ፣ ወይራና ግራቪሊያ ቀላቅለን 120 ችግኝ ተከልን፤ ፎቶግራፍም ተነሣን፤ ያ ፎቶግራፍ አንድ ቀን ማስረጃ ይሆነናል ብለን ማሰባችን አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል።

በጥቅምት ወር በራችን ላይ የሰባት ቀን ማስጠንቀቂያ ተለጥፎ አገኘን፤ የሚለውም «በሕገ ወጥ መንገድ የታጠረ የመንግሥት ይዞታ» ነው። እስከዚያች ቀን ድረስ ጥያቄ የሚቀርብበት የእነሱ ፕላን ነበር፤ ከዚያች ቀን በኋላ ግን ጥያቄ የሚቀርብብን እኛ ሆንን። በስምንተኛው ቀን ከጠዋቱ 2 ሰዓት ላይ ደንብ አስከባሪዎች መጡ፤ 4 ሰዓት ሳይሞላ ቆርቆሮው አይሱዙ ላይ ተጭኖ ሄዷል። ጥበቃችን ጋቢውን በትከሻው፣ የሻይ ማንቆርቆሪያውን በእጁ ይዞ ከመሀል ሜዳ ቆሞ ቀረ። «ለልጆች ብለን እንጂ ለግላችን አይደለም» ብለን ተከራከርን፤ ነገር ግን በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሠረት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ በመሆኑ፣ በሊዝ አዋጁ ቁጥር 721/2004 ዓይን ያለ ፈቃድ ያጠረ ሰው የልቡ ቅንነት አይጠየቅም፤ ካሳም የለውም።

ከዚህም የባሰው በኋላ የመጣው ነው። አጥሩ ከፈረሰ በኋላ በቦታው ፋይል ውስጥ አንድ አዲስ ወረቀት ገባ፤ «ከሕገ ወጥ ይዞታ ነፃ የተደረገ» ይላል። ነፃ የተደረገ ቦታ ደግሞ ወደ መሬት ባንክ፣ ማለትም መንግሥት ለመተላለፍ ዝግጁ የሆኑ ቦታዎችን ወደሚይዝበት መዝገብ፣ ይገባል፤ ወደ መሬት ባንክ የገባ ቦታ ለሚፈልገው ይተላለፋል። እኛ ባናጥረው ኖሮ ፋይሉ ባለበት ይንከባለል ነበር፤ በገዛ ገንዘባችን አጥረን፣ አስፈርሰን፣ ለመተላለፍ ዝግጁ ያደረግንላቸው እኛው ነን።

2ኛ. ወረዳ ላይ ጊዜዎን አያጥፉ። ወረዳ ፕላን አያወጣም፣ አይቀይርምም። የከተማው ምክር ቤት የሚያጸድቀው፣ ከተማውን በሙሉ የሚመለከት መዋቅራዊ ፕላን አለ፤ ከእሱ ሥር ደግሞ ብዙ ሰው «ኤልዲፒ» እያለ የሚጠራው፣ አንድን ሰፈር በዝርዝር የሚመለከት የአካባቢ ልማት ፕላን አለ፤ የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574/2000 ሁለቱን ለይቶ ያስቀምጣል፣ ከመጽደቃቸውም በፊት ሕዝብ አስተያየት እንዲሰጥባቸው ያዛል። ስለዚህ «ፕላኑ ተቀይሯል» ሲሏችሁ ድምፅ ከፍ አያድርጉ፤ ይልቁንም የትኛው ፕላን እንደተቀየረ፣ መቼ እንደጸደቀ፣ የነዋሪዎች ውይይት ከተደረገም ቃለ ጉባኤው የት እንደሚገኝ በጽሑፍ ይጠይቁ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 43 ማኅበረሰቡን በሚመለከቱ ፕሮጀክቶች ላይ ሐሳቡን እንዲሰጥ የመጠየቅ መብት ስለሚሰጠው፣ ይህን መጠየቅ ድፍረት አይደለም።

እኛ ይህን ሳናውቅ ሰባት ወር በወረዳው ደጃፍ አባከንን። «ባለሙያው መስክ ወጥቷል» የሚለውን መልስ ብቻ 19 ጊዜ ሰምቻለሁ፤ ቀኑን በማስታወሻ ደብተሬ ስለምጽፍ ቁጥሩን አልረሳውም። በመጨረሻ ወደ ቡድን መሪው የገባን ዕለት ሰውየው ዓይኑን ከስልኩ ሳያነሣ «ባለይዞታ ነዎት?» አለኝ። አለመሆኔን፣ አጠገቡ የምኖር መሆኔን ነገርሁት። «እንግዲያው ምን አገባዎት?» አለና በእጁ ወደ በሩ አመለከተኝ። ወንበር እንኳ አላቀረበልኝም። 30 ዓመት ያስተማርሁ ሰው ነኝ፤ በዕድሜው ከተማሪዎቼ አንዱ ሊሆን ይችል ነበር።

በዚሁ ነጥብ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። አንዳንድ ሰዎች ከጥያቄዎ ሥር «30፣ 30፣ 40 የሚለውን መመሪያ ጥቀሱባቸው» ብለው ጽፈዋል። እውነት ነው፤ የአዲስ አበባ አሥረኛው መዋቅራዊ ፕላን የተነሣበት መርሕ 30 በመቶ ለመንገድና ለመሠረተ ልማት፣ 30 በመቶ ለአረንጓዴና ለክፍት ቦታ፣ 40 በመቶ ለግንባታ ነው። እኔም ይህን በስብሰባ ላይ በኩራት ተናግሬዋለሁ። አንዲት ወጣት መሐንዲስ በጨዋነት «አባቴ፣ ይህ ድርሻ የተሰላው ለከተማው ነው እንጂ ለእናንተ ሜዳ አይደለም» ብላ አስቀመጠችኝ። ለመንደርደሪያ ይጥቀሱት፤ መከራከሪያ ግን አይሆንም።

3ኛ. ኮኦርዲኔቱን፣ ማለትም የቦታውን መገኛ የሚያሳዩትን ቁጥሮች፣ ከስልክዎ አይውሰዱ። ከክፍለ ከተማው ባለሙያ ፊት በቀረብን ጊዜ፣ የሜዳውን አራት ማዕዘኖች በስልኬ ለክቼ፣ በሚገባ ሠንጠረዥ አሠርቼ ነበር። ባለሙያው ቁጥሩን ኮምፒዩተሩ ላይ ሲያስገባው ሜዳችን ከአስፋልቱ ማዶ፣ በሰዎች ግቢ ላይ አረፈ። ባለሙያው ፈገግ ብሎ «ይህ እኮ የሰው ሳሎን ነው» አለኝ። ምክንያቱ ኋላ ገባኝ፤ በይዞታ ካርታዎቻችን ላይ የሚታየው ኤክስና ዋይ አዲንዳን በሚባለው ሥርዓት የተለካ ሲሆን፣ ስልክ የሚያነበው ደግሞ ደብልዩ ጂ ኤስ 84 የተባለውን ነው፤ በእኛ አካባቢ በሁለቱ መካከል ያለው ፈቀቅታ ከ200 ሜትር በላይ ነው። 30 ዓመት ያስተማርሁት ትምህርት ጂኦግራፊ መሆኑን ለዚያ ባለሙያ አልነገርሁትም። እርስዎ ቀላሉን ያድርጉ፤ ከሜዳው ጋር የሚዋሰኑ ጎረቤቶችዎን ካርታ ሰብስበው የወሰን ነጥቦቹን ከዚያ ላይ ይገልብጡ፤ ቀያሽ የሚቀጥሩ ከሆነም ልኬቱን በአዲንዳን እንዲያስረክብዎ አስቀድመው ይንገሩት።

4ኛ. የቤት ሥራ ማኅበራችሁን ሳይት ፕላን፣ ማለትም ቤቶቹና ክፍት ቦታዎቹ የት እንደሚሆኑ የሚያሳየውን ንድፍ፣ ይፈልጉ። የእናንተም ቦታ እንደ እኛው ከማኅበር ሳይት ፕላን ላይ የተተወ ክፍት ቦታ ይመስለኛል፤ በከተማው ዳር ባሉ የማኅበር ቤቶች መካከል ያለው ሜዳ ብዙውን ጊዜ እንደዚያ ነው። እኛ ሁላችን «አረንጓዴ ቦታ ነው» እንል ነበር፤ ማን እንዳለን ግን የሚያውቅ የለም። ማኅበሩ ከፈረሰ ቆይቷል፤ ሰነዱም ከኮሚቴ ወደ ኮሚቴ ሲተላለፍ ጠፍቷል ተብሎ ተትቶ ነበር። አጥሩ ከፈረሰ በኋላ ነው አንዷ ጎረቤታችን የማኅበሩ የመጀመሪያ ሒሳብ ሹም ባለቤት መሆናቸው ትዝ ያለን። ባላቸው ካረፉ ስድስት ዓመት ሆኗቸው ነበር። ቡና አፍልተው አስቀመጡንና ከአልጋ ሥር ቡናማ ሻንጣ ጎትተው አወጡ፤ ከደረሰኝ ጥራዞች በታች በአራት የታጠፈ ሰማያዊ የፕላን ወረቀት ነበር። ስንዘረጋው በእጥፋቱ ላይ ስንጥቅ አለ፤ ሁላችንም እስትንፋሳችንን ያዝን። የ1996 ዓ.ም. ማኅተም አለበት፤ በሜዳችንም ላይ በእጅ ጽሑፍ «ክፍት ቦታ፣ የልጆች መጫወቻ፣ 2,800 ካሬ ሜትር» ተብሎ ተጽፏል። ሴትዮዋ ወረቀቱን እያዩ «ይኼን ነው እንዴ ሁለት ዓመት የምትፈልጉት? ብትጠይቁኝ ኖሮ» አሉን። የጠየቃቸው አልነበረም።

ከዚያ በኋላ የደብዳቤያችን ርዕስ ተቀየረ። ቀድሞ «ስለ ደረሰብን በደል» እያልን ሦስት ደብዳቤ ጽፈን ሦስቱም «አልደረሰንም» ተብለዋል፤ አሁን ግን «የጸደቀው ሳይት ፕላን ከአካባቢ ልማት ፕላኑ ጋር እንዲገናዘብልን ስለመጠየቅ» ብለን ጻፍን፤ የፕላኑን ቅጂ፣ የወሰን ነጥቦቹን ዝርዝርና የካርታ ቁጥር የተጻፈበትን የ74 ቤት ፊርማ አባሪ አደረግን። ዋናውን ወረቀት ግን ከእጃችን አላወጣንም፤ እርስዎም አያውጡ። የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ፣ ስሟን ባውቀው ኖሮ እዚህ አመሰግናት ነበር፣ «አባባ፣ የገቢ ቁጥርና ቀን በእርስዎ ቅጂ ላይ ሳልጽፍልዎ እንዳይሄዱ» ብላ ከበሩ ላይ መለሰችኝ። ሦስቱ ደብዳቤዎች ለምን እንደጠፉ የገባኝ ያን ጊዜ ነው፤ ሦስቱንም ያለ ገቢ ቁጥር ለጽሕፈት ቤቱ ጸሐፊ በእጇ ሰጥተን ነበር የተመለስነው።

ጉዳዩን በመጨረሻ የገፋው ግን እኛ ያልገመትነው ነገር ነው። በ2012 ክረምት ከላይኛው ሰፈር የሚወርደው ጎርፍ ያንን ሜዳ ሞልቶት ሲያድር፣ ልጄ ከሰገነት ላይ ሆና በየዕለቱ ፎቶግራፍ አንሥታው ነበር። በኋላ በጉዳያችን ላይ ለተደረገው ስብሰባ ስለ ልጆች መጫወቻ፣ ስለ ንጹሕ አየር፣ ስለ ማኅበራዊ ኑሮ ሦስት ገጽ ጽፌ ሄጄ ነበር፤ ሰብሳቢው ሰዓቱን ይመለከታል። ልጄ ስልኳን አወጣችና ውኃው በሜዳው ላይ ተኝቶ የሚታይበትን ፎቶግራፍ ለዚያች መሐንዲስ አሳየቻት። መሐንዲሷ «ይህ ከተገነባበት ውኃው የት ይሄዳል?» ብላ ሰብሳቢውን ጠየቀች። ከዚያ በኋላ ውይይቱ ስለ እኛ መሆኑ ቀርቶ ስለ ውኃ ሆነ፤ ሰብሳቢውም ሰዓቱን ማየት ተወ። የጻፍሁት ሦስት ገጽ እስከ ዛሬ መሳቢያዬ ውስጥ አለ።

በ2013 ዓ.ም. ከሜዳው 1,700 ካሬ ሜትር በክፍት ቦታነት እንዲቆይ፣ 1,100 ካሬ ሜትሩ ግን ለተደራጁ ወጣቶች የብሎኬት ማምረቻ ሼድ እንዲሆን ተወሰነ። ጎረቤቶቼ ተሸነፍን ይላሉ፤ እኔ አልስማማም። የተሰጠን የጽሑፍ ውሳኔ ማኅተም ስላለው ማንም ነገ መጥቶ «ፕላኑ ተቀይሯል» ቢለን የምናወጣው ወረቀት አለን። የብሎኬት ማሽኑ ከንጋቱ 12 ሰዓት ተኩል ጀምሮ ስለሚጮኽ እንቅልፍ ነሥቶናል፤ ወጣቶቹ ግን ሠርተው የሚበሉ ናቸው፣ ባለፈው ዓመትም የሜዳውን የውኃ መውረጃ በነፃ ብሎኬት ገንብተውልናል። ከ120ው ችግኝ የጸደቀው 31 ነው፤ አብዛኞቹ የተረገጡት አጥሩ በፈረሰበት ጠዋት ነበር።

እናንተ ጋ ችካሉ ከተተከለ ገና አንድ ሳምንት ስለሆነ ከእኛ ይልቅ ብዙ ጊዜ አላችሁ። ነገ ጠዋት የችካሎቹን ቁጥር በግልጽ በሚያሳይ ሁኔታ ፎቶግራፍ ያንሡ፤ ከዚያም በማኅበሩ መጀመሪያ ላይ ጸሐፊ፣ ሒሳብ ሹም ወይም ሊቀመንበር የነበሩትን ሰዎች፣ ያረፉም ካሉ ቤተሰቦቻቸውን፣ በየቤታቸው እየሄዱ ይጠይቁ። የመጨረሻውን ደብዳቤያችንን ቅጂ፣ ስምና ቁጥር ሸፍኜ፣ ከዚህ መልስ ሥር አያይዤዋለሁ። ቆርቆሮውን ለመግዛት ገንዘብ መሰብሰብ የጀመረውን ጎረቤትዎን ግን ዛሬ ማታ፣ ሳይነጋ፣ ደውለው ያስቁሙት።