ሶፍትዌር ለምን ጎጆ ይወጣል? የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ስለ ነጻ ሶፍትዌር፣ ማለትም ማንም ኮዱን (ፕሮግራሙ የተጻፈበትን ጽሑፍ) እንዲያነብ፣ እንዲለውጥና እንዲያባዛ ፈቃድ ስለ ተሰጠበት ሶፍትዌር፣ ከጻፍሁ ወዲህ የደረሱኝ ደብዳቤዎች አብዛኞቹ የሚያጠነጥኑት በአንድ ጉዳይ ላይ ነው፤ ይኸውም አንድ ፕሮጀክት ለሁለት ተከፍሎ በየራሱ መንገድ ሲቀጥል፣ ባለሙያዎች «ፎርክ» የሚሉት ነገር ነው። ረዣዥሞቹን አሳጥሬያለሁ። ከአዋጅ ቁጥሮች በቀር ቀኖቹ፣ ወራቱና ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አንዲት የደብረ ማርቆስ የቢሮ ሠራተኛ፣ በመሥሪያ ቤታቸው ግማሹ ኮምፒውተር ኦፕን ኦፊስ፣ ግማሹ ሊብሬ ኦፊስ የተባሉት የጽሑፍና የሠንጠረዥ መሥሪያ ፕሮግራሞች እንደ ተጫኑበት ገልጸው፣ የትኛው «ትክክለኛው» እንደ ሆነ ይጠይቃሉ።

ሊብሬ ኦፊስን ያስጭኑ። ሁለቱም ከአንድ ግንድ የወጡ ናቸው። በ2010 መጀመሪያ ኦራክል የተባለው ኩባንያ የኦፕን ኦፊስን ባለቤት ሰን ማይክሮሲስተምስን ሲጠቀልል፣ ለዓመታት ሲደክሙበት የኖሩት ሰዎች የፕሮጀክቱ ዕጣ አሳሰባቸውና በዚያው ዓመት መስከረም 28 ቀን ዶክዩመንት ፋውንዴሽንን አቋቋሙ። የቀድሞውን ስም እንዲሰጣቸው ኦራክልን ጠይቀው ነበር፤ «ሊብሬ ኦፊስ» የሚለውንም ለጊዜው ብቻ ነበር ያወጡት፤ ስሙ ግን አልተሰጣቸውም። ኦራክል በ2011 ኦፕን ኦፊስን ለአፓቺ ፋውንዴሽን ሲያስረክብ ብዙዎቹ ሠሪዎች ከሄዱ ቆይተዋል። ዛሬም ኦፕን ኦፊስ በ2014 በወጣው የ4.1 ተከታታይ ላይ ጥቃቅን እርማት እያደረገ ነው። ሁለቱም በአንድ ዓይነት የፋይል ቅርጽ ስለሚጽፉ የቆዩ ሰነዶችዎ ይከፈታሉ።

ከፍኖተ ሰላም የጻፉ መምህር «ፎርክን በአማርኛ ምን እንበለው?» ይላሉ።

እኔ «ጎጆ መውጣት» እለዋለሁ፤ ልዩነቱ፣ ይህኛው ልጅ የወላጁን ሀብት ሙሉውን ይዞ ሲወጣ ከወላጁ ምንም አይጎድልም።

የባሕር ዳር የሶፍትዌር ተማሪ የሆነች አንባቢ ደግሞ እንዲህ ስትል ጠይቃለች፦ ያለ ደመወዝ፣ በፈቃዳቸው የሚሠሩ ሰዎች በምን ይጣላሉ? ጥሉስ የፕሮጀክቱን ሞት አያመለክትም ወይ?

እኅቴ፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚጣሉት በኮዱ አይደለም፤ በኮዱ ላይ የመወሰን ሥልጣን በማን እጅ እንደሚሆን ነው። በእርግጥ በአሠራር ብቻ የሚለያዩ አሉ፤ ዴቩዋን የተባለው የኮምፒውተር ሥርዓት (ኦፕሬቲንግ ሲስተም) ዴቢያን ከተባለው ሥርዓት የወጣው ኮምፒውተሩ ሲነሣ አገልግሎቶችን በሚያስጀምረው በሲስተምዲ ምክንያት ነው። ትልልቆቹን መለያየቶች ስትመረምሪ ግን ከሥራቸው የምታገኚው የተለወጠ ቃል ኪዳን ነው። ሀሺኮርፕ የተባለው ኩባንያ በነሐሴ 2023 ቴራፎርም የተባለውን የሰርቨሮች ማደራጃ መሣሪያውን ፈቃድ ተፎካካሪዎችን ወደሚከለክል ውል ሲለውጠው ፎርኩ ኦፕን ቶፉ ተወለደ። ሬዲስ የተባለው የመረጃ ማከማቻ ባለቤት ኩባንያም በመጋቢት 2024 ተመሳሳይ ርምጃ በወሰደ በ8 ቀን ውስጥ፣ ቀድሞ ሬዲስን ይሠሩ ከነበሩት አንዳንዶቹ በሊኑክስ ፋውንዴሽን ሥር ቫልኪን አቆሙ። ኩባንያዎቹ ያለ ምክንያት አልተነሡም፤ ትልልቆቹ የክላውድ (በኢንተርኔት የሚከራይ የኮምፒውተር አገልግሎት) አቅራቢዎች ሶፍትዌሩን እንደ አገልግሎት እየሸጡ ለሠሪው የሚመልሱት ጥቂት ነው የሚል ቅሬታ ነበራቸው፤ ቅሬታው ይገባኛል። ነገር ግን በመቶ የሚቆጠሩ ሰዎች ሌሊታቸውን የሰጡት በአንድ ውል አምነው ነውና፣ ውሉ ያለ እነርሱ ምክር ሲለወጥ ሥራቸውን ይዘው መውጣታቸውን እንደ ክህደት የሚቆጥር ሰው ነገሩን ገልብጦ ያየዋል።

እኛ ጎጃሞች ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አይኖርብንም። የቅኔ ተማሪ ከመምህሩ ተምሮ ሲያበቃ በሌላ ደብር የራሱን ወንበር ይዘረጋል፤ የዋሸራ ቤትና የጎንጅ ቤት በአንድ ግእዝ እየተቀኙ በየመንገዳቸው ይታወቃሉ። ዕውቀቱን ይዞ መሄድ ነውር አይደለም። ነገር ግን በመምህሩ ወንበር ተቀምጦ በመምህሩ ስም መጠራት አይቻልም። የነጻ ሶፍትዌር ፈቃድም እንዲሁ ነው፦ ኮዱ ይሄዳል፤ ስሙ ግን ከባለቤቱ ጋር ይቀራል። ማይክል ዊዴኒየስ የሠራውን የመረጃ ቋት (ዳታቤዝ) ማይኤስኪውኤልን በበኩር ልጁ በማይ ስም ሰይሞት ነበር፤ ሰን ኩባንያውን በ2008 በ1 ቢሊዮን ዶላር ከገዛው በኋላ እርሱ በ2009 ፎርኩን ሲጀምር ስሙን መውሰድ ስላልቻለ በታናሺቱ በማሪያ ስም ማሪያ ዲቢ አለው።

ስለዚህ ጉዳይ አጥብቄ የምጽፈው ስለ ደረሰብኝ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት የሶፍትዌር ቃላትን ወደ አማርኛ በሚመልስ አነስተኛ ቡድን ውስጥ እሠራ ነበር። የድረ ገጹ አድራሻም የይለፍ ቃሉም በአንድ ሰው እጅ ነበር። እርሱ ሥራውን ሲተው የ2 ዓመት ልፋታችን ተቆልፎ ቀረ፤ ፈቃዱ ቢፈቅድልንም ይዘነው የምንወጣው ቅጂ በእጃችን አልነበረም። ስለዚህ ወደ አንድ ፕሮጀክት ስትገቢ ኮዱን ከማንበብሽ በፊት ሦስት ነገር ጠይቂ፦ ስሙ በማን ተመዝግቧል? አስተዋጽኦ የምታደርጊው የቅጂ መብትሽን ለኩባንያ አስተላልፈሽ ነው ወይስ ለራስሽ ይዘሽ? ሙሉው ቅጂ ከአንድ ቦታ በላይ ይገኛል? ስለ ሞት ለጠየቅሽው፦ የሚያስፈራኝ ሰዎች ተጣልተው የሚወጡበት ፕሮጀክት ሳይሆን መውጫ የሌለው ፕሮጀክት ነው፤ ሠሪዎቹ መሄድ እንደሚችሉ የሚያውቅ ባለቤት ይሰማቸዋልና።

አንድ የቡሬ ነጋዴ የሱቃቸው መመዝገቢያ ከማይኤስኪውኤል ወደ ማሪያ ዲቢ ቢዛወር መረጃቸው ይጠፋ እንደ ሆነ ይጠይቃሉ።

መጠባበቂያ ቅጂ ከያዙ አይጠፋም። ሁለቱ በዓመታት ውስጥ ስለተራራቁ ግን በሥራ ላይ ባለው ኮምፒውተር ላይ በቀጥታ አይለውጡት፤ መረጃውን አውጥተው በሌላ ማሽን ይሞክሩት፤ ካልሆነም ለባለሙያ ያሳዩ።

ከሞጣ የመጣው ደብዳቤ በቁጣ የተጻፈ ነው። አራት ጓደኛሞች ለኅብረት ሥራ ማኅበር የሚሆን የሒሳብ ፕሮግራም ሠርተው ሳለ፣ አንዱ ኮዱን ይዞ ወጥቶ በዚያው ስም እየሸጠ ነው፤ «ይህ ስርቆት አይደለም ወይ?» ይላሉ።

በሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች መካከል ቆመዋል። ኮዱን በጂፒኤል ወይም በኤምአይቲ፣ በታወቁት የነጻ ሶፍትዌር ፈቃዶች፣ አውጥታችሁት ከሆነ፣ የእናንተን ስምና የፈቃዱን ጽሑፍ እስካልሰረዘ ድረስ ይዞት መሄድም መሸጥም ይችላል፤ በጂፒኤል ከሆነ ለገዢዎቹ ምንጩን የመስጠት ግዴታ አለበት። ምንም ፈቃድ ካልጻፋችሁ ግን ሥራው ነጻ ሶፍትዌር አይደለም፤ እርሱም ከሠሪዎቹ አንዱ በመሆኑ ነገሩ የጋራ ባለቤትነት ጥያቄ ይሆናል። ስሙ ደግሞ ሌላ ጉዳይ ነው። የኮምፒውተር ፕሮግራም በአዋጅ ቁጥር 410/1996፣ የንግድ ምልክት በአዋጅ ቁጥር 501/1998 ይታያል። ከዚህ በላይ በጋዜጣ ዓምድ የሚመለስ አይደለም፤ እባካችሁ የአእምሯዊ ንብረት ሕግ ወደሚያውቅ ጠበቃ ሂዱ፤ እስከዚያም ማስፈራሪያ አትላኩ፤ ማን ምን መቼ እንደ ጻፈ የሚያሳየውን የኮዱን ታሪክም እንዳትነኩት። ይህን የምለው ለወግ አይደለም፤ ማስረጃችሁ እርሱ ነው።

በመጨረሻ አንድ የደጀን አንባቢ የተለያዩ ፕሮጀክቶች ዳግም ይታረቃሉ ወይ ይላሉ።

አንዳንዴ ይታረቃሉ። ኮድን ኮምፒውተሩ ወደሚረዳው ቋንቋ ከሚመልሰው ከጂሲሲ በ1997 የወጣው ኢጂሲኤስ በፍጥነት ስለ በለጠ፣ በ1999 የጂሲሲ ባለቤት ፍሪ ሶፍትዌር ፋውንዴሽን ጎጆ የወጣውን ልጅ ራሱን ጂሲሲ አድርጎ ሾመው። የጃቫስክሪፕት ፕሮግራሞችን በሰርቨር ላይ ከሚያስኬደው ከኖድ ጄኤስ በ2014 መጨረሻ የተለየው አይኦ ጄኤስም በ2015 ተመልሶ ተዋሐደ፤ የተመለሰው ግን አስተዳደሩ ከአንድ ኩባንያ እጅ ወጥቶ ለጋራ ፋውንዴሽን ከተሰጠ በኋላ ነው።