ጥያቄና መልስ፦ የመንግሥት ድረ ገጽና ሰነድ «ተደራሽ ነው» የሚባለው በምን ሲለካ ነው?

(ዓመተ ምሕረቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጥያቄ፦ መሥሪያ ቤታችን መመሪያ እያረቀቀ ነው። «ድረ ገጹ ለአካል ጉዳተኞች ምቹ መሆን አለበት» የሚል አንቀጽ አይበቃም?

መልስ፦ አይበቃም። «ምቹ» የሚለውን ቃል እርስዎና አቅራቢው ድርጅት በየራሳችሁ ትተረጉሙታላችሁ፤ ርክክብ ላይ ጭቅጭቅ የሚነሳውም ከዚህ ነው። መመዘኛ የሚባለው ሁለት ሰዎች ለየብቻ ፈትሸው አንድ መልስ የሚያገኙበት ነው። ደብልዩካግ የሚባለው ዓለም አቀፍ የድረ ገጽ ተደራሽነት መመሪያ በደብል ኤ ደረጃው (ከሦስቱ ደረጃዎች መካከለኛው)፣ የፊደሉና የጀርባው ቀለም የብሩህነት ንጽጽር ቢያንስ 4.5 ለ 1 ይሁን ይላል። ነጭ ላይ የተጻፈ፣ የቀለም ኮዱ #777777 የሆነ ግራጫ 4.48 ስለሚመጣ ይወድቃል፤ #767676 በ4.54 ያልፋል። ሁለቱን በዓይን መለየት ያስቸግራል፤ ቁጥሩ ግን አያከራክርም።

ጥያቄ፦ የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች ቴክኖሎጂ ለአካል ጉዳተኞች ተደራሽ እንዲሆን የሚያስገድደውን የአሜሪካ ሕግ፣ ክፍል 508ን፣ እንዳለ ብንወስደውስ?

መልስ፦ ከይዘቱ ይልቅ ከታሪኩ ብትማሩ ይሻላል። አንቀጹ ያለው በ1973ቱ የተሐድሶ ሕግ ውስጥ ነው፤ አስገዳጅ አቅም ያገኘው በ1998 ሲሻሻል ነው። አክሰስ ቦርድ የተባለው የፌዴራል ተቋም በ2000 መመዘኛ አወጣ። ክፍፍሉ በዕቃ ዓይነት ነበር፤ ሶፍትዌር፣ ድረ ገጽ፣ ስልክ፣ ኮምፒውተር እያለ። ስልክ ራሱ ኮምፒውተር ሲሆን ይህ አከፋፈል አላስኬደም። አማካሪ ኮሚቴው የማሻሻያ ሐሳቡን በ2008 አቀረበ፤ ደንቡ የወጣው በጥር 2017፣ ግዴታ የሆነው በጥር 2018 ነው። የደብልዩካግ 2.0ን የኤ እና የደብል ኤ መስፈርቶች፣ በድምሩ 38፣ ተቀበለ። በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ 2.1 ታተመ፤ ደንቡ ግን የስሪቱን ቁጥር ጠቅሶ ስለነበር እዚያው ቀረ።

ስለዚህ ግዴታውን በደንብ፣ የስሪቱን ቁጥር ደግሞ መሥሪያ ቤቱ ራሱ ሊያሻሽለው በሚችል ቴክኒካዊ አባሪ ላይ አስፍሩ።

ጥያቄ፦ ኢትዮጵያ ግዴታ አለባት?

መልስ፦ አዎ። የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትን በ2010 አጽድቃለች፤ አንቀጽ 9 የመረጃና የኮሙኒኬሽን ቴክኖሎጂን በስም ይጠቅሳል።

ጥያቄ፦ የለጠፍነውን የአማርኛ ፒዲኤፍ ዓይነ ስውራን ማንበብ አልቻልንም ይላሉ። እኛ ጋ በትክክል ይታያል።

መልስ፦ ከሁለት አንዱ ነው። ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ ስካን ተደርጎ ከሆነ ፋይሉ ፎቶ ነው፤ ስክሪን ሪደር (የማያ ገጹን ጽሑፍ በድምፅ የሚያነብ ፕሮግራም) የሚያነበው ፊደል የለውም። ማኅተም ያለበትን ለማስረጃ አስቀምጡና ጽሑፉን ከጎኑ ለጥፉ።

ሁለተኛው ከዩኒኮድ (ለየቋንቋው ፊደል የራሱን መለያ ቁጥር ከሚሰጠው ዓለም አቀፍ ሥርዓት) በፊት የተሠራ ፎንት ነው። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 ነው፤ ከዚያ በፊት የነበሩት ፎንቶች የላቲን ፊደል ላይ የአማርኛ ቅርጽ ያለብሱ ነበር። ሰው «ሰላም» ሲያይ ኮምፒውተሩ የሚያየው የተዘበራረቀ ላቲን ነው። መፈተሻው ቀላል ነው፤ አንድ መስመር ኮፒ አድርገው ኖትፓድ ላይ ይለጥፉ። ላቲን ከወጣ ሰነዱ ወደ ዩኒኮድ መቀየር አለበት። ከዚያ ዎርድ ላይ የጽሑፉን ቋንቋ አማርኛ ያድርጉ፤ ርእሶቹን ፊደል በማወፈር ሳይሆን በሄዲንግ ስታይል ይሥሩ፤ ሲጨርሱ «ሴቭ አዝ» ብለው ፒዲኤፍ ያድርጉት። «ፕሪንት ቱ ፒዲኤፍ» የርእሶቹን መለያ ያጠፋል፤ ብዙ የተለፋበት ሰነድ የሚበላሸው እዚህች የመጨረሻ እርምጃ ላይ ነው።

ጥያቄ፦ ለትልቅ ፊደል 3 ለ 1 የቀለም ንጽጽር ይበቃል ይባላል። ለአማርኛም?

መልስ፦ መመሪያው ከ18 ነጥብ ጀምሮ፣ ደማቅ ከሆነ ከ14 ጀምሮ ይፈቅዳል። በእኔ እምነት ለአማርኛ ባትጠቀሙበት ይሻላል። «ቀ»ን ከ«ቁ» የምትለየው አንዲት ቅጥያ ናት፤ ቀለሙ ሲደበዝዝ ቀድማ የምትጠፋው እሷ ናት።

ጥያቄ፦ አቅራቢው «ሁሉንም ያሟላል» የሚል ሰንጠረዥ ሰጠን። እንመነው?

መልስ፦ ከመፈረማችሁ በፊት ማውሱን ንቀሉና ቅጹን በኪቦርድ ብቻ (በታብ፣ በኢንተር፣ በስፔስና በቀስት ቁልፎች እየተንቀሳቀሳችሁ) ሞልታችሁ ላኩ። ጠቋሚው የት እንዳለ ካልታየ ወይም የቀን መምረጫው ውስጥ ገብቶ ካልወጣ ወድቋል። ገጹን 200 በመቶ አሳድጉ፤ የሚቆረጥ ጽሑፍ ካለ መዝግቡ። በመጨረሻ ኤንቪዲኤ በተባለው ነፃ ስክሪን ሪደር አስነብቡት፤ አብሮት የሚመጣው ኢስፒክ የተባለ የድምፅ ፕሮግራም አማርኛ ይናገራል። አውቶማቲክ መፈተሻ ለፎቶ መግለጫ መኖሩን እንጂ መግለጫው ትክክል መሆኑን አይነግራችሁም። ክፍያውን ከዚህ ፍተሻ ጋር የሚያያይዝ አንቀጽ ውሉ ውስጥ ይግባ፤ ከርክክብ በኋላ ማስተካከያው ሌላ ጨረታ ይጠይቃል።